የደም ሥር ህዋሶችን ከኦክሲዴቲቭ ስትረስ በጂን መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጂን ሕክምና ሲወራ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «የትኛው ጂን ነው የሚሰጠው?» ብሎ ነው። በዚህ ርዕስ የዚያ ጥያቄ መልስ ከታወቀ ቆይቷል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ጂኑ የት ይድረስ? ከደረሰ በኋላስ የሚመረተው ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ህዋሱ ውስጥ የቱ ጋ ይቀመጥ? መልሶቹን ስታነቡ «የት» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣባችኋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የደም ሥር ህዋስ» ሲባል የትኛው ነው?

የደም ሥር ግድግዳ ንብርብር አለው። መሀሉ ላይ የሚኮማተርና የሚላላ ጡንቻ አለ። ከውስጥ፣ ደሙ በቀጥታ በሚነካው ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ረድፍ ህዋስ ብቻ ተነጥፏል። ኢንዶቴልየም ይባላል። እዚህ የማወራው ስለ እሱ ነው።

ስስ ስለሆነ ተራ ልባጭ ይመስላል። ለረጅም ጊዜም እንደዚያ ነበር የሚታሰበው። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት እና ጆን ዛዋድስኪ ይህን ሐሳብ ገለበጡት። አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል የጥንቸልን የደም ቧንቧ የሚያላላው ይህ ስስ ሽፋን ካለ ብቻ እንደሆነ አሳዩ። ሽፋኑ ከተፋቀ ቧንቧው አይላላም። ከሽፋኑ የሚወጣው የማላያ መልእክት በኋላ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ፈርችጎት፣ ኢግናሮ እና ሙራድ በ1998 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ ነው።

ኦክስጅን ሕይወት አይደል እንዴ? ጉዳቱ ከየት መጣ?

ኦክስጅን ያለ እሱ የማይኖር፣ ከእሱ ጋርም ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ነው። ብረት የሚዝገውም በሱ ነው። ህዋስ ኦክስጅንን ለኃይል ሲጠቀምበት ጥቂቱ መንገድ ላይ ያመልጣል። አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዞ ይወጣል፤ ሱፐርኦክሳይድ ይባላል። ከሱፐርኦክሳይድ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወለዳል። ይህ ደግሞ ልቅ ብረት ካገኘ ሃይድሮክሲል ራዲካል ወደሚባል፣ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ወደሚነክስ ነገር ይለወጣል።

እነዚህ ነገሮች በጤነኛ ህዋስ ውስጥም አሉ። ህዋሱ የሚያጠፋቸው ኢንዛይሞች አሉት። የሚመረተው ከሚጠፋው ሲበልጥና ጉዳት ሲጀምር ያኔ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ተባለ። በአማርኛ «የኦክሲዴሽን ጫና» ልንለው እንችላለን።

ለምን የደም ሥሩ ላይ ይብሳል?

ሱፐርኦክሳይድ እና ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲገናኙ ጊዜ አያባክኑም። ወዲያው ይጣመራሉ። ውጤቱ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነው። በአንድ በኩል ቧንቧውን የሚያላላው ጋዝ ይጠፋል። በሌላ በኩል ፐርኦክሲናይትራይት የሚባል አጥቂ ይወለዳል። ቧንቧው መላላት ያቅተዋል፣ ነጭ የደም ህዋሶች ይለጠፉበታል፣ ደምም ለመርጋት ይቀለዋል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድን የሚያመርተው ኢንዛይም ቴትራሃይድሮባዮፕተሪን የሚባል ረዳት ያስፈልገዋል። ፐርኦክሲናይትራይት ይህን ረዳት ያበላሸዋል። ረዳቱን ያጣው ኢንዛይም ሥራውን አያቆምም። ናይትሪክ ኦክሳይድ ማምረቱን ትቶ ራሱ ሱፐርኦክሳይድ ይተፋል። ዘበኛው ሌባ ሆነ ማለት ነው። ጫናው ራሱን የሚመግበው በዚህ መንገድ ነው።

የሱፐርኦክሳይድ ምንጭ ይሄ ብቻ አይደለም። የህዋሱ የኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ አለ፣ ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ኤንኤዲፒኤች ኦክሲዴዝ የሚባለው የኢንዛይም ቤተሰብም አለ። የመጨረሻውን አንጂዮቴንሲን የተባለው የደም ግፊት ሆርሞን ይቀሰቅሰዋል። ስኳር፣ ግፊት እና ሲጋራ የሚገናኙት እዚህ ሰፈር ነው።

ታዲያ ቫይታሚን ሲ እና ኢ ብውጥስ? ጂን ምን ያደርጋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተሞክሮም ነበር፣ ያውም በሰፊው። ሆፕ የተባለው ጥናት ከ9,500 በላይ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎችን ይዞ በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ለተወሰኑት ሰጠ። ውጤቱ በ2000 ወጣ። ድንገተኛ የልብ ጥቃትም ሆነ ስትሮክ አልቀነሰም። በ2002 የብሪታንያው የልብ ጥበቃ ጥናት 20,536 ሰዎች ላይ ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲንን አንድ ላይ ሞከረ። ያም ምንም አልጠቀመም። ከዚያ በፊት፣ በ1994፣ ፊንላንድ ውስጥ በሚያጨሱ ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ጭራሽ መጨመሩን አሳይቶ ነበር።

ምክንያቱ ምንድነው? አንደኛው ፍጥነት ነው። ቫይታሚን ሲ ሱፐርኦክሳይድን የሚይዝበት ፍጥነት ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሚይዝበት ጋር ሲነጻጸር ከ10,000 እጥፍ በላይ ይዘገያል። ሩጫው ገና ሳይጀመር አልቋል። ሁለተኛው ደግሞ ቫይታሚን አንዱን ሲያጠፋ ራሱም አብሮ ይጠፋል፤ የሚያድሰው ይፈልጋል። ኢንዛይም ግን ሠርቶ ለሚቀጥለው ዝግጁ ነው። ካታሌዝ የተባለው ኢንዛይም አንዲት ሞለኪውል በሰከንድ ሚሊዮኖች ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትሰብራለች። ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። የተዋጠ ቫይታሚን ሰውነት ውስጥ በየቦታው ይበተናል። ችግሩ ግን ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ወይም የህዋሱ ቆዳ ላይ፣ በጠባብ ስፍራ ነው ያለው።

ስለዚህ «ኦክሲዴሽን ጎጂ አይደለም ማለት ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። የወደቀው መንገዱ ነው።

ጂን ማስተላለፍ ማለት የኔን ጂን መቀየር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። የራስህ ጂን ባለበት ይቀመጣል። ተጨማሪ ቅጂ ይገባል፤ ህዋሱ እሱን አንብቦ ኢንዛይሙን በብዛት ያመርታል። ቅጂው በክሮሞሶም ውስጥ ይሰካ አይሰካ የሚወሰነው በተሸካሚው ነው፤ ከታች እመጣበታለሁ። ጂንን መቁረጥና ማረም ሌላ ዘዴ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ።

የትኞቹ ጂኖች ናቸው የሚሞከሩት?

ዋነኛው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ ነው። ሥራውን ጆ ማኮርድ እና ኧርዊን ፍሪዶቪች በ1969 ይፋ አደረጉት። ሱፐርኦክሳይድን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይቀይራል። ሦስት ዓይነት አለው፤ ሦስቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት። ልዩነታቸው አድራሻቸው ነው። የመጀመሪያው በህዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ይኖራል፣ መዳብና ዚንክ ይዞ። ሁለተኛው ማንጋኒዝ ይዞ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ከህዋሱ ውጪ ይወጣና የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል።

አድራሻ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ሁለት ነገሮች ያሳያሉ። አንደኛው በ2000 ማይክል ብራውንሊ እና ባልደረቦቹ ያወጡት ሥራ ነው። በስኳር ብዛት የተጎዱ የላም ደም ሥር ህዋሶች ውስጥ የማይቶኮንድሪያውን ዲስሚዩቴዝ ሲያበዙት ስኳር የሚያስከትላቸው ዋና ዋና የጉዳት መንገዶች አብረው ተዘጉ። ምንጩ ማይቶኮንድሪያ ስለነበር መድኃኒቱም እዚያ ተገኘ።

ሁለተኛው ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ነው። ሦስተኛው ዲስሚዩቴዝ ከግድግዳው ጋር የሚጣበቅበት «እጅ» አለው። አንዳንድ ሰዎች ሲወለዱ ጀምሮ በዚያ እጅ ላይ የአንዲት አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባባት ጡብ) ለውጥ አላቸው። ኢንዛይሙ ይሠራል፣ ደማቸው ውስጥም ከሌላው ሰው እጅግ በልጦ ይገኛል። ግን ግድግዳው ላይ አይጣበቅም። ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ትልቅ ጥናት እነዚህ ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አገኘ። ደሙ በኢንዛይም ሞልቶ፣ ግድግዳው ባዶ። እኔ ይህን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ።

ከዲስሚዩቴዝ ሌላ ካታሌዝ፣ ሴሌኒየም የሚፈልገው ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ፣ እና ሄም ኦክሲጅኔዝ 1 አሉ። የመጨረሻው ሄምን (ደምን የሚያቀላውን ነገር) ሰብሮ ቢሊቨርዲን ያወጣል፤ ቢሊቨርዲን ወደ ቢሊሩቢን ይለወጣል፤ ቢሊሩቢን ደግሞ ጥሩ ፀረ ኦክሲደንት፣ ማለትም የኦክሲዴሽን ጉዳት ተከላካይ ነው። ዓይን የሚያስቢጫው ቢሊሩቢን በልኩ ሲሆን ጠባቂ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድ አምራቹን ራሱን ወይም ረዳቱን የሚሠራውን ኢንዛይም ማብዛትም ተሞክሯል። ከዘበኛው ታሪክ አንጻር ረዳቱን መመለስ የሚለው ሐሳብ ለኔ ብልህ ነው፤ ረዳቱ ሳይኖር ዘበኛ ብቻ ማብዛት ሌባ ማብዛት ሊሆን ይችላልና።

ዲስሚዩቴዝ ብቻ በደንብ ከበዛ አይበቃም?

አይበቃም። የሱ ውጤት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መሆኑን አትርሱ። የሚያጸዳለት ጓደኛ ከሌለ ችግሩን ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል አዛወረው ማለት ነው። የደም ቧንቧቸው በቀላሉ በስብ እንዲደፈን ተደርገው በተዘጋጁ አይጦች ላይ ይህ ታይቷል። ካታሌዝ የበዛላቸው አይጦች ቧንቧቸው ላይ የሚጋገረው ስብ ቀነሰ። የመጀመሪያው ዲስሚዩቴዝ ብቻ የበዛላቸው ግን ያን ጥቅም አላገኙም። ድር ቢያብር ነው ነገሩ።

ጂኑን ምን ይሸከመዋል?

እውነተኛው ራስ ምታት እዚህ ነው። ብዙዎቹ ተሸካሚዎች ጂን ወደ ህዋስ ማስገባት የሚያውቁ ቫይረሶች ናቸው።

አዴኖቫይረስ ብዙ ይጭናል። የራሱ ጂኖም (የጂኖቹ ጠቅላላ ጽሑፍ) ወደ 36,000 የዲኤንኤ ፊደል ስለሆነ ከውስጡ የተወሰነው ወጥቶ ለኛ ቦታ ይለቀቃል። የሚያበስሩ የእንስሳት ሙከራዎች አብዛኞቹ በሱ ነው የተሠሩት። ለምሳሌ ግፊት ባላቸው አይጦች ላይ የሦስተኛውን ዲስሚዩቴዝ ጂን በአዴኖቫይረስ ሲሰጧቸው ግፊታቸው ቀነሰ፣ የደም ሥራቸውም አሠራር ተሻሻለ። ችግሩ የሰውነት መከላከያ ቶሎ ያውቀዋል፤ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይነሳል፤ የጂኑም ሥራ በሳምንታት ውስጥ ይከስማል።

አዴኖ አሶሺዬትድ ቫይረስ የሚባለው ጨዋ ነው። በሽታ አያመጣም፣ በማይከፋፈል ህዋስ ውስጥ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። ግን ቦርሳው ትንሽ ናት፤ 4,700 ፊደል ገደማ ብቻ። ዲስሚዩቴዝ ከ1,000 ፊደል በታች ስለሆነ በምቾት ይገባል። ካታሌዝም 1,600 ገደማ ነው፤ ይገባል። ናይትሪክ ኦክሳይድ አምራቹ ግን ወደ 3,600 ስለሆነ ጂኑን የሚያበራውን ማብሪያ ማጥፊያ ስትጨምሩበት ቦርሳው ጢም ይላል። ሌላው ጣጣ፣ በደም ውስጥ ሲሰጥ አብዛኛው ጉበት ላይ ያርፋል። በደም ሥር ውስጥ እየተጓዘ ደም ሥሩን ራሱን አልፎት ይሄዳል! ብዙ ሰውም ቀድሞ በቫይረሱ ስለተያዘ ተሸካሚውን የሚያከሽፍ ፀረ እንግዳ አካል አለው።

ሌንቲቫይረስ ክሮሞሶም ውስጥ ይሰካል፤ ሥራው ይቆያል። የት ላይ እንደሚሰካ ግን ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም።

ፕላዝሚድ የሚባለው ራቁት ዲኤንኤ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ህዋስ ውስጥ መግባት ግን ይከብደዋል። የኮቪድ ክትባት ያስተዋወቀን በስብ እንክብል የታሸገ፣ ኤምአርኤንኤ የሚባል ጊዜያዊ የጂን ቅጂም አለ። እሱ ለቀናት ብቻ ይሠራል። ለዓመታት ለሚቆይ በሽታ ይህ ጉድለት ነው። ለጥቂት ቀናት ጥበቃ ለሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ግን በቂ ሊሆን ይችላል።

ወደ ኢንዶቴልየም ብቻ እንዲሄድ ማድረግ አይቻልም?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተሸካሚውን ገጽ ቀይሮ ኢንዶቴልየም ላይ ያለ ፕሮቲን እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ሌላው ጂኑ የትም ቢገባ እዚያ ብቻ እንዲበራ ማብሪያውን መምረጥ ነው። ቪኢ ካድሄሪን እና ታይ 2 የተባሉት ጂኖች የሚበሩት በዋናነት በነዚህ ህዋሶች ስለሆነ የነሱን ማብሪያ መዋስ ይቻላል።

ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራው ለምን ሰውነት ውስጥ አይሠራም?

የላቦራቶሪው ጀግና ከእትብት ሥር የሚወሰድ የኢንዶቴልየም ህዋስ ነው። ከ1973 ጀምሮ በስፋት እየተራባ ይጠናበታል። ሳህን ላይ ቫይረሱን ታፈስበታለህ፣ ሰዓታት ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምረህ ስንቱ እንደተረፈ ትቆጥራለህ። ንጹሕ ውጤት ይወጣል።

እውነተኛው የደም ሥር ውስጥ ግን ደም አይቆምም። ቫይረሱ ግድግዳውን ለመያዝ ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ ቧንቧውን ከሁለት ወገን አስረው መሀሉ ላይ ቫይረሱን ለደቂቃዎች ያቆዩት ነበር። የሰው የልብ ቧንቧ ላይ ይህን አድርግ ቢባል ማን ይደፍራል? በዚያ ላይ ሳህን ላይ ያለ ህዋስ የደሙን ግፊያ አያውቅም። የደም ሥር ህዋስ ደግሞ ባሕርዩን የሚያገኘው ከዚያ ግፊያ ነው።

ሰው ላይ ደርሷል?

ፀረ ኦክሲደንት ጂን ለደም ሥር በሽታ የተፈቀደበት ሕክምና የለም። የደም ሥር የጂን ሕክምና በሌላ ዓላማ ግን ሰው ላይ ደርሷል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄፍሪ አይስነር በ1990ዎቹ አዲስ የደም ሥር የሚያበቅል ጂን እግራቸው ደም ለጎደላቸው ሕሙማን ሰጥቷል። ሩሲያ በ2011 ኒዮቫስኩልጀን የተባለውን የጂን መድኃኒት ፈቀደች። ጃፓን በ2019 ኮላቴጂን የተባለውን ሌላ የጂን መድኃኒት በቅድመ ሁኔታ ፈቅዳ ነበር፤ በኋላ ከገበያ ወጥቷል። እነዚህ ሁሉ ቧንቧ ለማብቀል እንጂ ያለውን ከዝገት ለመጠበቅ አይደሉም። ዜና ላይ ሲቀላቀሉ ተጠንቀቁ።

ለመጀመር የሚመች የደም ሥር የትኛው ነው?

ለልብ ማለፊያ (ባይፓስ) ቀዶ ሕክምና፣ ማለትም ደሙ የተደፈነውን የልብ ቧንቧ አልፎ እንዲሄድ፣ ከእግር የሚወሰደው ደም መላሽ ሥር ይመስለኛል። ከእግር ወጥቶ ልብ ላይ እስኪሰፋ ድረስ ከሰውነት ውጪ፣ ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል። ደም አይፈስበትም፣ ጉበት የለም፣ ፀረ እንግዳ አካል የለም። የቦታው ጥያቄ በሙሉ ለደቂቃዎች ይፈታል። ያስፈልገዋልም፤ ከነዚህ ሥሮች ግማሽ ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ይደፈናሉና። ዝቅተኛ ግፊት የለመደው ሥር በድንገት የደም ቧንቧ ግፊት ሲወርድበት ሱፐርኦክሳይድ ይበዛበታል።

በዚሁ መስኮት ተጠቅሞ የነበረ ትልቅ ሙከራ አለ። ፕሪቬንት 4 ይባላል፤ ወደ 3,000 ሕሙማን ነበሩበት። የተጠቀመው ፀረ ኦክሲደንት ጂን አልነበረም፣ የህዋስ መባዛትን የሚያግድ አጭር ዲኤንኤ ነበር። ውጤቱ በ2005 ሲወጣ አልሠራም። ሥሩን በዚያ ሰዓት ማከም እንደሚቻል ግን አሳይቷል።

አደጋውስ?

በ1999 ጄሲ ጌልሲንገር የተባለ የ18 ዓመት አሜሪካዊ በጂን ሕክምና ሙከራ ላይ ሞተ። ሕመሙ የጉበት ኢንዛይም ጉድለት ነበር፤ ተሸካሚው አዴኖቫይረስ። የሰውነቱ መከላከያ በኃይል ተነስቶ አካላቱን አሽመደመደ። ከዚያ ወዲህ የመጠን ቁጥጥርና ክትትል ጠብቋል። ለደም ሥር ጉዳይ ደግሞ አንድ የተለየ ምጸት አለ። ብግነት ራሱ የኦክሲዴሽን ጫና ያመጣል። ሊያጠፋ የመጣው ተሸካሚ እሳቱን ሊያራግብ ይችላል።

ኦክሲደንቶቹን (ሱፐርኦክሳይድንና መሰሎቹን) ጨርሶ ማጥፋት አይሻልም?

አይሻልም። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በትንሹ መልእክተኛ ነው። በሰው ልብ ጥቃቅን ቧንቧዎች ውስጥ ቧንቧ ከሚያላሉት ምልክቶች አንዱ እሱ ነው። ነጭ የደም ህዋሶችም ባክቴሪያ የሚገድሉት በሱፐርኦክሳይድ ነው።

ጂኖቼን በኪኒን ማንቃት አልችልም?

ህዋስ ውስጥ ኤንአርኤፍ 2 የሚባል አዛዥ ፕሮቲን አለ፤ ብዙ ፀረ ኦክሲደንት ጂኖችን በአንዴ ያበራል። እሱን የሚያነቃ ባርዶክሶሎን የተባለ መድኃኒት የስኳርና ከባድ የኩላሊት ሕመም ባለባቸው ሰዎች ተሞክሮ ነበር። በ2012 ተቋረጠ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ላይ የልብ መድከም በዝቶ ስለተገኘ። ኢንተርኔት ላይ «ጂንህን አንቃ» እያለ የሚሸጥላችሁን ሰው ይህን ጠይቁት።

እስከዚያው ምን ይሠራል?

ሲጋራ ማቆም፣ ግፊትና ስኳርን መቆጣጠር፣ መንቀሳቀስ። አሰልቺ ዝርዝር መሆኑን አውቃለሁ። ግን የመጨረሻውን ከዚህ ርዕስ ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ። ሰው ሲንቀሳቀስ ደሙ ፈጥኖ ይፈስና ኢንዶቴልየሙን ይዳስሰዋል። ህዋሱ ይህን ዳሰሳ ያነባል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ አምራቹን ያበዛል። በአይጥ ላይ እንደታየው ያ ጋዝ በተራው አጎራባቹ ጡንቻ ሦስተኛውን ዲስሚዩቴዝ እንዲጨምር ያደርጋል፤ ያም ግድግዳው ላይ ሄዶ ይጣበቃል። ስብ ቀድሞ የሚጋገረውም የደም ቧንቧ የሚከፈልበትና የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ደሙ ይሽከረከራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይዳስስም።